የአማቴ በሶ

አማቴ በሶ የማይፈውሰው በሽታ አለ ብለው አያምኑም። ልጅ ቀጠነ ሲባል በሶ፣ ሴት ወለደች ሲባል በሶ፣ ተማሪ ለፈተና ሊቀመጥ ነው ሲባል በሶ። ከደባርቅ ጎንደር ደርሶ ለሚመለስ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም ብለው በፌስታል የበሶ ጭብጦ ያስይዙታል። ገብሱ ከራሳቸው ማሳ የሚመጣ ነው። ራሳቸው ያምሱታል፣ ራሳቸው ይቆሉታል፣ ወፍጮ ቤትም ሄደው ከሌላ ሰው እህል ጋር እንዳይቀላቀልባቸው እስከ መጨረሻው ቆመው ያስፈጩታል። ባለ ወፍጮው ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱ ይጠቁራል።

ልጃቸው፣ ማለትም ባሌ፣ የሰብል ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ገበሬ ሰብስቦ ስለ ተሻሻለ የገብስና የስንዴ ዘር ያስተምራል። እንግዲህ እኔ ያገባሁት ገብስ ሃይማኖትም መንግሥትም የሆነበት ቤት ነው። ራሴ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ደባርቅ ላይ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። አማቴ "እናንተ ዳባቶች የምታበቅሉት ወሬ ብቻ ነው" ይሉኛል። እኔም "ደባርቅ ላይ ጥሩ ገበያ ስላለው ነው፣ እማማ" እላቸዋለሁ። እንዲህ እየተነካካን ነው የምንዋደደው።

አንዲት ልጅ አለችን። እስከ አራት ዓመቷ ድረስ እንደ ማንኛውም ልጅ አደገች፤ ከዚያ ቆመች። እውነቴን ነው፣ ቆመች። አንዱን የፋሲካ ቀሚስ ሳናስረዝመው ለሚቀጥለውም ፋሲካ ለበሰችው፤ አሁንም ሰፋት። እጅና እግሯ ሲቀጥን ሆዷ ወደ ፊት ገፋ። አፏ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ ሆዷ ይሄዳል፣ ጠጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን መነጫነጯ ነበር። ያች አስቃ የምትገድለን ልጅ ጥግ ይዛ መቀመጥና ለሚያናግራት ሁሉ ጀርባዋን መስጠት ጀመረች።

ደባርቅ ውስጥ "ሆዴን" ብሎ ክሊኒክ ገብቶ ያለ ጃርዲያ የወጣ ሰው አላውቅም። ለእሷም ጃርዲያ ተገኘላት። ጃርዲያው ሲታከም አሜባ መጣ፣ አሜባው ሲሄድ ታይፎይድ ተተካ፣ በመሀል የትል መድኃኒት ተሰጣት፤ እኔም አብሬ ዋጥሁ፣ ባሌም ዋጠ። ጎረቤቶቻችን በበኩላቸው ከክሊኒኩ ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። ግማሹ ዓይን ነው አለ፣ ግማሹ ቅናት ነው አለ። አንዷ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣት፣ "ጥርስ እያበቀለች ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ ጥርስ ማብቀል ጨርሳ መነቃቀል ልትጀምር ነበር።

በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ልጅቱ መጠገን አለባት። ሊጠይቃት የመጣ ሰው ሁሉ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ያው የሚታወቀውን ነው፤ የገብስ አጥሚት፣ የገብስ ቂጣ፣ ትኩስ ዳቦ። አማቴማ በየቀኑ ነው። ጭብጦውን በማር ለውሰው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት፣ "ለአባትሽ ጉረሺ፣ ለእናትሽ ጉረሺ" እያሉ አንድ መንደር ሰው በስሟ ያጎርሷታል። ልጄ በተወደደች ቁጥር ትቀጥናለች።

በመጨረሻ አማቴ "ከእንግዲህ ሐኪም በቃኝ" ብለው ጠበል እንድንሄድ ወሰኑ። እኔም አልተከራከርሁም፤ ፈርቼ ነበር። ልጄ በዓይኔ እያየኋት ልታልቅብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ክረምቱ እንዳለፈ ከደባርቅ ወርደን፣ ከገደሉ ሥር ወዳለ አንድ ጠበል ሄድን። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ልጅቱን በየተራ አዘልናት። አማቴ ከሁላችንም ቀድመው ስንቃቸውን በጀርባቸው አስረው ይወርዳሉ።

የዚያ ጠበል ሥርዓት ጥብቅ ነው። አጥማቂው መነኩሴ ሱባኤ ለሚይዝ ሰው የሚፈቅዱት ሽምብራ ብቻ ነው፤ ለአዋቂ በውኃ የራሰ ጥሬ፣ ለሕፃን ቅቅል። ዳቦና ቆሎ፣ ገብስ የነካው ነገር ሁሉ፣ በር ላይ ይቀራል። የሚገባው ስንቅም ይፈተሻል። የአማቴ ስንቅ ሲፈታ ከነጠላው ሥር ነጠላ፣ ከዚያ ሥር ሌላ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ የበሶ ዱቄት ወጣ።

"አባቴ፣ በሶ እኮ የጾም ነው" አሉ አማቴ።

"የጾም ነው፤ የዚህ ቦታ ግን አይደለም።"

"ለዚች ለታመመች ልጅ ነው እንጂ ለእኔ መስሎዎት ነው?"

"ለታመመችዋም ሽምብራ አለላት፣ እናቴ" አሉ መነኩሴው፤ መስቀላቸውንም ዘረጉ። በመስቀል ፊት ክርክር የለም። አማቴ ተሳልመው በሶውን አስረከቡ። እኔ ፊቴን አዙሬ ስስቅ ልጄ አይታ አጋለጠችኝ።

ሁለት ሱባኤ ቆየን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የተለየ ነገር አላየሁም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ልጄ "ራበኝ" አለች። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስለቆየ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር አልሁ። ሽምብራውን በላች፣ ደግሞም ጠየቀች። ሆዷ መቀመጥ ጀመረ። ልንመለስ ስንቃረብማ ከሌሎች ልጆች ጋር እየሮጠች የአንዲት ሴትዮ እንስራ ሰብራ መጣች። አማቴ ለእንስራዋ ሴትዮ ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ እልልታቸውን አቀለጡት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። እኔ ደግሞ አለቀስሁ፤ ከደስታ ነው፣ አላፍርበትም።

እቤት ስንመለስ አማቴ በተሳሉት መሠረት ጠበል ጠዲቅ ደገሡ። ሰፈሩ በሙሉ ተጠራ። የባጃጅ ጎማ የሚያክል ድፎ ዳቦ መጣና ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት የመጀመሪያው ቁራሽ ለልጄ ተሰጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሰው ሁሉ ከየእጁ እየቆረሰ "እሰይ፣ በላች!" አለ። እንግዳው ገና ተነሥቶ ሳይሄድ ልጄ አስመለሳት። ሳምንት ሳይሞላ ሆዷ እንደ ድሮው ተነፋ፣ ጥጓንም ያዘች።

አማቴ "ያን ሁሉ ሰው ሰብስበን ዓይን አስበላናት" ብለው ደረታቸውን ደቁ። ባሌ "ጃርዲያው ተመልሶ ነው" አለ። እኔ መቀነስ ጀመርሁ። በየዓመቱ ለልጆች የማስተምረው እሱኑ አይደል? ጠበሉ ጋ ሳለን ምን ነበረን? ውኃው፣ ጸሎቱና ሽምብራው። ውኃውን በጀሪካን ይዘን መጥተናል፤ ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች፣ ትጠመቅበታለች። ጸሎቱን አማቴ አንድም ቀን አላቋረጡም። የቀረው ሽምብራው ነው፤ በእሱ ቦታ የገባው ደግሞ ገብስና ስንዴ።

ይህን ስናገር አማቴ በጣም ተቆጡ።

"እንግዲህ ጠበሉን በሽምብራ ልትተኪው ነው?"

"እኔ አልተካሁትም፣ እማማ። ሽምብራውንም ያዘዙት እኮ መነኩሴው ናቸው።"

"ገብስ ያሳመመው ሰው በዚህ አገር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔን ያሳደገኝ ምንድን ነው? ባልሽን ያሳደገው ምንድን ነው?"

"እሱንማ አየሁት" አልሁና ነገሩን አባባስሁት።

በዚያው ሳምንት ከቤቴ ገብስና ስንዴ አወጣሁ። እንጀራችን ጤፍ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ድንች፣ በቆሎ፣ ሽምብራ። ባሌ ደጅ ላይ ቆሞ "የሰብል ባለሙያ ቤት ገብስ ክልክል ነው ቢባል ምን ይሉኛል?" አለ። መሥሪያ ቤቱ ሰምቶ ይቀልድበት ጀመር። ዳቦውን ቢሮው ተደብቆ ይበላል፤ ማታ ሲመጣ ሸሚዙ ላይ ፍርፋሪ አገኝበታለሁ፤ እሱ ይምላል፣ እኔ አራግፍለታለሁ።

ልጄ ግን ግማሽ ብቻ ዳነች። እዚህ ላይ ነው መቀነሱ ያቃተኝ። ጥቂት ሳምንት ደኅና ትሆንና፣ ነገሩ ተፈታ ብዬ ልኮራ ስል፣ ሆዷ ይመለሳል። እኔም ሌላ እቀንሳለሁ። ወተት ቀነስሁ። እንቁላል ቀነስሁ። በርበሬ ከለከልሁ። ጠመኔ ትበላ ይሆን ብዬ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ገለበጥሁ። የጥርስ ሳሙናውን እንኳ ጠረጠርሁት። ልጅቱ የምትበላው አንሶ አንሶ እኔው ራሴ በረኃብ ልጨርሳት ደረስሁ። ያኔ ነው ወደ ጎንደር እንሂድ ያልሁት፤ መንገዱም ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተበት ሰሞን ነበር።

ጎንደር ያየቻት ወጣት ዶክተር ነበረች። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ሁሉ ልጅቱ ምን እንደሚወጣት ነበር የሚጠይቁኝ፤ ይህችኛዋ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ ጠበሉን፣ ሽምብራውን፣ ድፎውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። የሰው ሰውነት የራሱ ጠባቂ አለው፤ የጠባቂው ሥራ በሽታ ሲገባ መዋጋት ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ጠባቂው ይሳሳትና የገዛ ቤቱን ይመታል። የልጅሽ ያ ከሆነ፣ ገብስና ስንዴ በበላች ቁጥር ሰውነቷ የራሷን አንጀት እየመታ ነው፤ አንጀቷ ስለሚጎዳም የምትበላው ምግብ አይሆናትም። ስሙ ሴሊያክ ይባላል። ደሟ ተቀድቶ አዲስ አበባ ይላካል፣ ከዚያ አንጀቷ በካሜራ ይታያል።

"ገብስ ካቆመች ስንት ጊዜ ሆናት?" አለችኝ።

"ይኸው ወራት አለፋት!" አልሁ፣ በኩራት።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲያው ደሟ ምንም አይነግረንም" አለች። "ምርመራው የሚሠራው እየበላች ከሆነ ብቻ ነው። ለተወሰኑ ሳምንታት በየቀኑ ገብስ ወይም ስንዴ አብያትና መልሰሽ አምጫት።"

"የሚያሳምማትን?"

"አዎ። ከባድ እንደሆነ ይገባኛል።"

"ዝም ብዬ ሁለተኛ ባላበላትስ? መመርመሩ ቢቀርስ?"

"አቁማም እኮ አልዳነችም። ሌላ በሽታ ከሆነ ሳናየው ያልፈናል። ይኸው ከሆነ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በጥንቃቄ መያዝ አለባት፤ ዕድሜ ልክ የሚከለከል ነገር በግምት አይከለከልም።"

ልክ ነበረች። ልክ በመሆኗም ጠላኋት። እስከ ደባርቅ ድረስ በሆዴ ስሰድባት መጣሁ።

በማግስቱ ባሌን ዳቦ ግዛ አልሁት። ሰውዬው ደስታውን መደበቅ አቅቶት እየሮጠ ሄዶ ትልቁን ይዞ መጣ። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ቆረስሁ። ልጄ ሰፈር ወጥታለች፤ ስትመጣ ልሰጣት ነው። ቁራሹን ሳህን ላይ አደረግሁ፣ መልሼ አነሣሁት፣ ከዳቦው ጋር ገጥሜ በጨርቅ ሸፈንሁት። ደግሞ ገለጥሁት። በገዛ እጄ እንዴት አድርጌ ላጉርሳት? ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርሁ። በዚህ መሀል አማቴ የጎንደሩን ወሬ ሊሰሙ ገቡ።

እያለቀስሁ ነገርኋቸው። ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ደግሞ "ድሮስ ገብስ ትብላ አላልሁም?" ብለው ይፎክራሉ ብዬ። ሁለቱንም አላደረጉም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ።

"ልጄ፣ ዳቦውን ተይው" አሉኝ።

"ለምን?"

"አያስፈልግም።"

"እንዴት አያስፈልግም? ሳትበላ ምርመራው..."

"ትበላለች እኮ።"

"ምን ትበላለች?"

"በሶ ነዋ" አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። "ትንሽዬ ነው የምሰጣት። ይህችን ታህል ብትሆን ነው።" ትንሽነቱን ሊያሳዩኝ ጡጫቸውን ዘረጉልኝ። የአማቴ ጡጫ ዕድሜ ልኩን ሲያርም የኖረ ጡጫ ነው፤ ትንሽ የሚባል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የማስተምረው የከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ልጄ የምትማረው የጠዋት። እኔ እስክመለስ እሳቸው ዘንድ ትውላለች። እዚያ በየቀኑ በማር የተለወሰ ጭብጦ ይጠብቃታል፤ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ" ተብላም በማርያም ተገዝታለች። የቤታችንን ገመና ለሰፈሩ ስታድል የምትውል ልጅ ይህን አንድ ምሥጢር ወራት ሙሉ ጠብቃው ኖራለች። ያን ጊዜ አማቴን ምን እንዳልኋቸው አልጽፈውም። ለአማት የሚባል አልነበረም። ጩኸቴን ሰምታ ልጄ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን አየች።

"እምዬ፣ ነገርሻት እንዴ?" አለች፣ እንደ ተከዳ ሰው ቅር ብሏት።

ባሌ ሳቁ አመለጠውና ወደ ጓሮ ሸሸ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጄ ደኅና የነበረችባቸው ሳምንታት መቼ ነበሩ? አንዱ አማቴ ለለቅሶ ወደ በየዳ ወረዳ ሄደው የከረሙ ጊዜ ነው። ሌላው ለአጨዳ ማሳቸው የወረዱ ጊዜ። እሳቸው ሲሄዱ ልጄ ትድናለች፣ ሲመለሱ ትታመማለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ወተትና እንቁላል ስቀንስ መቀነስ የነበረብኝ አማቴን ነበር።

"ነጠላዎን ይልበሱ፣ ነገ ጎንደር እንሄዳለን" አልኋቸው።

"እኔ ደግሞ ምን ላደርግ?"

"ሊመሰክሩ።"

ዶክተሯ ፊት ሲቀርቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ለነፍስ አባታቸው እንደሚናዘዙ ሆነው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉም እንቢ አሉ። ስንት ጊዜ እንደሰጧት፣ እንዴት እንደሚያቦኩት፣ ማሩ የማን ቀፎ እንደሆነ ሳይቀር ተናገሩ። መጠኑን ሲጠየቁ ጡጫቸውን አወጡ። ዶክተሯ ጡጫውን አየች፣ እኔን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። "በየቀኑ?" አለች። "ከዓርብና ከረቡዕም አላጎደልሁ፣ የጾም ነው እኮ" አሉ አማቴ። ዶክተሯ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። "እንግዲያው እማማ፣ ዛሬውኑ ደሟን እንወስዳለን። ምርመራውን ያዳኑት እርስዎ ነዎት" አለቻቸው።

ምነው ባላለቻቸው! በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ ምርመራውን ማን እንዳዳነ ያልሰማ ተሳፋሪ አልነበረም። ዳባት ላይ የወረደው ወርዶ የተሳፈረው ሲሳፈር ከመጀመሪያው ጀመሩለት። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ፣ ውጤቱ ይምጣና ምን እንደምላቸው ቃል በቃል እያዘጋጀሁ ነበር። የደም ውጤቱ እስኪመጣ፣ ከዚያም በዶክተሯ ትእዛዝ በሶውን ሳታቋርጥ አንጀቷ በካሜራ እስኪታይ ድረስ ይህን ንግግር ስስለው ከረምሁ። ደኅና አድርጎ የሚቆርጥ ሆኖልኝ ነበር።

ውጤቱ የተነገረን ቀን ባሌ መስክ ወጥቶ ስለነበር የሄድነው ሦስታችን ነን። ዶክተሯ ወረቀቱን ፊቷ አድርጋ "ያው ያሰብነው ነው" አለች። ሴሊያክ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ከእነሱም የተሠራ ማናቸውም ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ክልክል ነው፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ እንደ ልቧ። መድኃኒት የለውም፣ ግን መድኃኒትም አያስፈልገውም፤ ካልነካች አንጀቷ ይድናል፣ እሷም ታድጋለች። ታድጋለች ስትል ደግማ እንድትለው ፈልጌ "ምን አልሽኝ?" አልኋት። ደገመችው።

ከዚያ "በዘር የሚተላለፍ ነገር አለበት። ከቤተሰብ ልጅ ሆኖ እንዲህ የታመመ ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"የለም" አልሁ እኔ። አማቴ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር።

በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ ለማንም ምንም አላወሩም። አምባ ጊዮርጊስ ስንቆም ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ዳቦውንና የገብስ ቆሎውን በመስኮት ሰደዱት። አማቴ አንዱን እጅ በእጃቸው ገፋ አድርገው መስኮቱን ዘጉ። ልጄ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። መኪናው ተነሥቶ ትንሽ እንደሄድን፣

"ነበረች" አሉኝ።

"ማን?"

"ከባልሽ በላይ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ።" ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። "ሆዷ እንዲሁ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ክንዷ እንዲሁ ሰልሎ። ቡዳ በላት አልን። ያላሳየናት የለም። እኔም ትጠገንልኝ ብዬ በሶውን በማር እየለወስሁ አጎርሳት ነበር። እንቢ ትለኝ ነበር፣ አፏን ትገጥምብኝ ነበር። በግድ አጎርሳት ነበር።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ዳባቶች ወሬ ብቻ ነው የምታበቅሉት የሚሉኝ ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ቃል ይጠብቃሉ፣ እኔ ግን የለኝም። በመጨረሻ እጃቸውን ያዝሁና "እማማ፣ ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?" አልኋቸው።

"እሷ ታውቅ ነበር" አሉኝ። "እንቢ ትል ነበር እኮ።"

ከዚያ ወዲህ አማቴ ሌላ ሰው ሆነዋል፤ ማለቴ ያው ሰው ናቸው፣ የዞሩበት አቅጣጫ ነው የተለወጠው። ቤታቸው ያለውን ገብስ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለዘመድ አድለው ጨረሱ። ምጣዱ ተቀየረ፣ ወንፊቱ ተቀየረ። ወፍጮ ቤት አሁንም እስከ መጨረሻው ይቆማሉ፤ ቀድሞ ገብሳቸው ላይ ሌላ እህል እንዳይገባ ነበር፣ አሁን ጤፋቸው ላይ ገብስ እንዳይገባ። ባለ ወፍጮውን ድንጋዩን አራግፍልኝ እያሉ መከራውን ያበሉታል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬ ይፈተሻል። አንድ ቀን ብስኩት አግኝተውብኝ "ይህ ከምን ተሠራ?" ብለው አቆሙኝ፤ ከተማሪ የቀማሁት ነው ብል አላመኑኝም። ባሌም ገና ከደጅ ሳለ ሸሚዙን ያራግፋል። ልጄ ደግሞ ሰው ዳቦ ሲዘረጋላት "አያቴን ጠይቁ" ትላለች፤ ማንም ሊጠይቃቸው አይደፍርም። ያ ሁለት ፋሲካ የለበሰችው ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቶ ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ። ጎረቤታችን ያሳጠርነው መስሏት ነበር።

ዘንድሮ አማቴ እንደገና ጠበል ጠዲቅ ደገሡ። ድፎ የለም፤ ጤፍ እንጀራ፣ የጤፍ ቂጣ፣ በትልቅ ገበታ ቅቅል ሽምብራ። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። ዳቦ የሌለበት ጠበል ጠዲቅ ሰፈራችን አይቶ አያውቅም፤ አማቴን በመፍራት ግን ሁሉም ሽምብራውን ዘገነ። ቄሱ ሊባርኩ ተነሥተው በማን ስም እንደሚጸልዩ ጠየቁ። አማቴ የልጄን የክርስትና ስም ተናገሩ። ከዚያ ሌላ አንድ የሴት ስም ጨመሩ።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ታላቅ እኅት እንደነበረችው ያውቃል፤ ስሟን ግን እስከዚያ ቀን ማንም ነግሮት አያውቅም።

ልጄ የአያቷን ነጠላ ጎተተች። "እምዬ፣ እሷ ማን ናት?"

"የአባትሽ እኅት ናት። እሷም እንዳንች ገብስ አይስማማትም ነበር።"

"ማን ነገረሽ?"

"ራሷ ነግራኝ ነበር" አሉ አማቴ፤ ከገበታውም ሽምብራ ዘግነው ሰጧት።